የተሰበረ ሐውልት፣ የተቻኮለ ፍርድ፦ የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ጥናት ሂሳዊ ዳሰሳ

ከሉክሶር ከተማ ማዶ፣ በዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ደይር ኤል ባሕሪ በሚባለው ስፍራ ቀጥ ካለ ገደል ሥር ባለ ሦስት እርከን የኖራ ድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። ያሠራችው የ18ኛው ሥርወ መንግሥት ፈርዖን ሐትሼፕሱት ናት፤ ዘመነ መንግሥቷም በግምት ከ1479 እስከ 1458 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እንደነበር አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ይህ ቤተ መቅደስ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሲቆፈር፣ ሲለካ፣ ሲሣልና ሲጠገን ኖሯል። አጥኚዎች ባመኑበት ተረክ እንዴት እንደሚመሩ፣ ኋላም በማስረጃ እንዴት እንደሚታረሙ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አንድ ነው። ስለ ቤተ መቅደሱ ያለን እውቀት ይበልጥ የጠለቀው ቀድሞ የወጣው ነገር ተመልሶ በጥንቃቄ በታየ ጊዜ ነው። ሐውልቱ የተሰበረበት መገጣጠሚያ፣ መሮው የተወው ጭረት፣ ሳጥን ውስጥ ተረስቶ የቆየ የቁፋሮ ማስታወሻ፣ እነዚህ ከብዙ ወርቃማ ግኝቶች ይልቅ የታሪኩን መልክ ቀይረውታል። ጉዳዩ የእኛንም አንባቢ ይመለከታል፤ ከቤተ መቅደሱ ግድግዳዎች በአንዱ ላይ የተቀረጸውን፣ ግብጻውያን ዕጣን ወደሚያመጡባት ወደ ፑንት አገር የተደረገውን ጉዞ ብዙዎቻችን የራሳችን ታሪክ አድርገን እንቆጥረዋለንና። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕንፃው ለምን ተሠራ?

ግብጻውያን እንዲህ ያለውን ሕንፃ “የሚሊዮን ዓመታት ቤት” ይሉት ነበር። የንጉሡ አስከሬን የሚቀበረው ሌላ ቦታ፣ ከገደሉ ጀርባ ባለው የነገሥታት ሸለቆ ውስጥ ነው። ቤተ መቅደሱ ደግሞ ለንጉሡ መንፈስ በየዕለቱ መሥዋዕት የሚቀርብበት፣ ንጉሡም ከአማልክት ጋር የሚዋሐድበት ስፍራ ነው። የሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ማዕከላዊ መስመር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ አምላኩ አሙን የካርናክ ቤተ መቅደስ ያቀናል። በየዓመቱ በሸለቆው በዓል የአሙን ምስል በታንኳ ተጭኖ ዓባይን ይሻገርና በመወጣጫዎቹ አልፎ በገደሉ ውስጥ ተፈልፍሎ እስከ ተሠራው ቅድስተ ቅዱሳን ይደርስ ነበር። ሕንፃው ለአሙን፣ ለፀሐይ አምላክ፣ ለሐቶር፣ ለአኑቢስ፣ ለሐትሼፕሱት ራሷና ለአባቷ ለቀዳማዊ ቱትሞስ የየራሳቸው ክፍል አለው።

የእርከን አሠራሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። ከጎኑ ከ500 ዓመት በላይ የሚቀድመው የዳግማዊ ሜንቱሆቴፕ ቤተ መቅደስ ነበር። ሐትሼፕሱት ግብጽን እንደገና አንድ ካደረገው ከዚያ ንጉሥ አጠገብ መሥራቷ ራሱ ፖለቲካዊ ንግግር ነው። የዳግማዊ ቱትሞስ ሚስት ነበረች፤ ባሏ ሲሞት ለሕፃኑ የእንጀራ ልጇ ለሣልሳዊ ቱትሞስ ሞግዚት ሆነች፤ ከዚያም የንጉሥነትን ሙሉ ማዕረግና መልክ ይዛ ነገሠች። በመካከለኛው እርከን ሰሜናዊ ክንፍ ላይ አሙን እንደ ወለዳት የሚተርክ ተከታታይ ቅርጽ አለ፤ በደቡባዊው ክንፍ ላይ የፑንት ጉዞ ተቀርጿል። ሁለቱም አንድ ነገር ይላሉ፦ ይህች ሴት በአምላክ ፈቃድ የነገሠች ናት።

ቆፋሪዎቹ ያተረፉትና ያጠፉት

ኦጉስት ማሪየት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፑንትን ግድግዳ ለዓለም አስተዋወቀ። ሙሉውን ቁፋሮ ያካሄደው ግን ከ1893 እስከ 1899 በእንግሊዙ የግብጽ ጥናት ፈንድ ስም የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ኤድዋርድ ናቪል ነው። ናቪል ያሳተማቸው ስድስት ትላልቅ ጥራዞች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ቅርጾቹን ከገለበጡት ሠዓሊዎች አንዱ ኋላ የቱታንኻሙንን መቃብር ያገኘው ወጣቱ ሃዋርድ ካርተር ነበር። የእነዚያ ሥዕሎች ጥራት የሚያስመሰግን ነው።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በቤተ መቅደሱ ፍርስራሽ ላይ በክርስትና ዘመን የቅዱስ ፎይባሞን ገዳም ተሠርቶ ነበር። መነኮሳቱ በፈርዖናዊው ቅጥር ላይ የጭቃ ጡብ ግንብ አቁመው ለረጅም ዘመን ኖረውበታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆፋሪዎች የፈለጉት ፈርዖኖቹን ስለነበር ገዳሙን እንደ ቆሻሻ ጠርገው አነሡት፤ ምን ግድግዳ የት እንደነበር የተሟላ መዝገብ አልተያዘም። ፖላንዳዊው ቭዎድዚሚየርዝ ጎድሌቭስኪ በ1986 ስለ ገዳሙ ያሳተመው ጥናት ከተራረፉ ፍንጮች፣ ከድሮ ፎቶግራፎችና ግድግዳ ላይ ከቀሩ ምልክቶች ተለቅሞ የተገነባ ነው። ለዘመናት ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጋር በአንድ መንበር ሥር የኖረ ሕዝብ ይህን ጥፋት እንደ ተራ የቴክኒክ ጉድለት ሊያልፈው አይችልም። አንድ ስፍራ የአንድ ዘመን ብቻ ነው ብሎ የሚነሣ ቆፋሪ የቀሩትን ዘመናት በአካፋው ያጠፋል።

ቀጥሎ የመጣው የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ቡድን ነው። ኸርበርት ዊንሎክ ከ1911 እስከ 1931 በአካባቢው ሠርቷል። ሣልሳዊ ቱትሞስ በዘመኑ ማብቂያ በሐትሼፕሱትና በሜንቱሆቴፕ ቤተ መቅደሶች መካከል ያሠራውን ሦስተኛ ቤተ መቅደስ ግን እርሱም አላገኘውም። ያገኙት በካዚሚየርዝ ሚሃውፍስኪ መሪነት በ1961 ሥራ የጀመሩት ፖላንዳውያን ናቸው። በ1962 ማንም ያልጠበቀው ሕንፃ ከፍርስራሹ ሥር ብቅ አለ። የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የሜዲትራኒያን አርኪዮሎጂ ማዕከል ከግብጽ የቅርስ ባለሥልጣናት ጋር ሆኖ ሥራውን እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በሺህ የሚቆጠሩ የተበታተኑ ድንጋዮችን አንድ በአንድ መዝግቦ፣ የቀደሙ ጠጋኞች ያለ ቦታቸው ያስገቧቸውን አውጥቶ፣ የላይኛውን እርከን ዳግም አቁሟል። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ሕንፃ ከፊሉ የጥንት፣ ከፊሉ የዘመናችን ሥራ ነው። የተሐድሶው ብቃት የሚመሰገን ቢሆንም፣ የትኛው ድንጋይ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለጎብኚው በግልጽ የሚነገርበት መንገድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሐውልቶቹን ማን ሰበራቸው፣ ለምን?

በ1920ዎቹ የዊንሎክ ሠራተኞች ከቤተ መቅደሱ ፊት ባለ አሮጌ የድንጋይ ካባና በሌላ ጉድጓድ ውስጥ እጅግ ብዙ የሐውልት ስብርባሪ አወጡ። ስፊንክሶች፣ ተንበርክከው መሥዋዕት የሚያቀርቡ ምስሎች፣ ዙፋን ላይ የተቀመጡ ምስሎች፣ ሁሉም የሐትሼፕሱት ነበሩ። ዛሬ በኒውዮርክ የሚታየው ነጭ የተቀመጠ ሐውልት የዚህን ሥራ አድካሚነት ያሳያል። አካሉን ተመራማሪው ሪቻርድ ሌፕሲየስ በ1845 ወደ በርሊን ወስዶት ነበር፤ ራሱና ሌሎች ቁርጥራጮች ከ80 ዓመት በኋላ ከጉድጓዱ ወጡ፤ ሁለቱ ሙዚየሞች ባደረጉት ልውውጥ ሐውልቱ እንደገና አንድ ሆነ።

የመጀመሪያው ትርጓሜ ወዲያው ተሰጠ፦ የእንጀራ እናቱ ዙፋኑን የቀማችው ልጅ ስትሞት ቂሙን ተወጣ። ይህ ተረክ ለብዙ ዘመን በመማሪያ መጻሕፍት ሰፈረ። ሐትሼፕሱትም ሥልጣን ያሰከራት፣ ሸረኛ ሴት ተደርጋ ተሣለች። ከማስረጃው ይልቅ የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምሁራን ስለ ሥልጣን ላይ ሴት የነበራቸውን ስሜት የሚገልጽ ፍርድ ነበር ብል የተጋነነ አይሆንም።

ተረኩን የነቀነቀው የዘመን ስሌት ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ኒምስ በ1966 ባሳተመው ጥናት የሐትሼፕሱት ስም መፋቅ የጀመረው በሣልሳዊ ቱትሞስ 42ኛ ዓመተ መንግሥት ገደማ መሆኑን አሳየ። ብቻውን ከነገሠ 20 ዓመት ገደማ አልፎታል ማለት ነው። የጋለ ቂም 20 ዓመት አይጠብቅም። በተጨማሪም የተፋቁት በንጉሥነት የተሣለችባቸው ምስሎች ናቸው፤ የንጉሥ ሚስት ሆና የታየችባቸው ብዙዎቹ ተትተዋል። ፒተር ዶርማንና ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ጉዳዩ ከአልጋ ወራሽነት ጋር የተያያዘ እንደነበር ተከራክረዋል፦ ዙፋኑ ከቀዳማዊ ቱትሞስ ወደ ዳግማዊ፣ ከዳግማዊ ወደ ሣልሳዊ፣ ከዚያም ወደ ልጁ ወደ ዳግማዊ አሜንሆቴፕ ያለ ማቋረጥ እንዲወርድ ማድረግ። ቱትሞስ በዚያው ዘመን በሁለቱ ቤተ መቅደሶች መካከል አዲሱን ቤቱን መጀመሩም ከዚሁ ጋር ይገጥማል፤ የአሙን ታንኳ ከዚያ ወዲያ ወደ እርሱ ቤት እንዲያቀና ፈልጎ ነበርና።

ሌላው እርምጃ የመጣው በ2025 ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ጁን ዪ ዎንግ ያደረገው አዲስ ቁፋሮ አልነበረም። የሜትሮፖሊታን ቡድን ከ1922 እስከ 1928 የተዋቸውን ማስታወሻዎች፣ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች እንደገና አነበበ። ያስተዋለው ነገር ቀላልና ትልቅ ነው። የብዙዎቹ ሐውልቶች ፊት ደኅና ነው፤ ስብራቱ ያረፈው አንገት፣ ወገብና ጉልበት ላይ ነው። ፊትን ለማዋረድ የሚመታ እጅ እንዲህ አይመታም። በእነዚህ መገጣጠሚያዎች መስበር ግን በግብጽ ሐውልቶችን ከአገልግሎት ለማውጣት፣ ማለትም በውስጣቸው አለ የሚባለውን ኃይል ለማርገብ የተለመደ ሥርዓት ነበር። ከዚህ የከፋው ጉዳት በአብዛኛው በኋለኞቹ ዘመናት ሐውልቶቹን እንደ ተራ ድንጋይ ለሌላ ሥራ ያዋሉ ሰዎች ያደረሱት ነው።

የዎንግ ሥራ ለቀጣይ ጥናት መነሻ የሚሆን ነው። ሆኖም “ሥርዓት ነበር” የሚለው ቃል አዲስ ምቹ መደበቂያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። የሌሎች ነገሥታት ሐውልቶችም በዚህ መንገድ ከአገልግሎት ወጥተዋል፤ ይሁን እንጂ የሐትሼፕሱት ስምና የንግሥና ምስል ከግድግዳም ላይ በመሮ ተነቅሏል፤ ይህ ለሌሎቹ አልተደረገም። ሥርዓቱ የሚያስረዳን ሐውልቱ እንዴት እንደተሰበረ ነው፤ ለምን እንደተሰበረ የሚያስረዳን ደግሞ የወራሽነት ፖለቲካው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የማይዝ ትርጓሜ እንደ ቀድሞው የቂም ተረክ ጎደሎ ይሆናል። በግድግዳው ላይ ያለው ጉዳት ራሱ ብዙ እጅ ያረፈበት መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም፤ የአሙን ስም በፈርዖን አኸናተን ዘመን ተፍቆ ኋላ በተለይ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ታድሷል። ማን ምን እንደፋቀ ሳይለዩ መፍረድ አይቻልም።

የጠራቢው እጅ በቅርብ ሲታይ

በላይኛው እርከን ደቡብ በኩል ያለው የሐትሼፕሱት የመሥዋዕት ክፍል ከቤተ መቅደሱ ክፍሎች ሁሉ ትልቁ ነው። 13 ሜትር ያህል በሚረዝሙት ሁለት የጎን ግድግዳዎቹ ላይ እንደ መስተዋት የሚገጣጠሙ ሁለት የመሥዋዕት አቅራቢዎች ሰልፎች አሉ፤ በእያንዳንዱ 100 ሰው። እንጀራ፣ የወይን ጠጅ፣ የበሬ ብልትና ወፍ ተሸክመው በመሥዋዕት ገበታ ፊት ወደ ተቀመጠችው ሐትሼፕሱት ይሄዳሉ። ለሩቅ ተመልካች ሁሉም አንድ ናቸው።

ተመራማሪዋ አናስታሲያ ስቱፕኮ-ሉብቺንስካ ግን በቅርብ አየቻቸው። የፖላንዱ ቡድን ቅርጾቹን በግልጽ የፕላስቲክ ሉህ ላይ በትክክለኛ መጠናቸው ለዓመታት ገልብጧል። ያ ሥራ ለቅርስ መዝገብ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ስቱፕኮ-ሉብቺንስካ በ2021 ያሳተመችው ጥናት ግን ከዚያው መዝገብ የሠራተኞቹን ሕይወት አወጣ። የኖራ ድንጋዩ ልስልስ በመሆኑ የመሮው ጭረት እስከ ዛሬ ይታያል። በእግር፣ በክንድና በደረት ላይ ያልተማረ እጅ የተወው ጎርባጣ ጭረት አለ፤ ከበላዩ ደግሞ የሰለጠነ እጅ ያረመበት ይታያል። ፊቶቹ በአብዛኛው የዋና ጠራቢዎች ሥራ ናቸው። ጥቅልል ፀጉሩ ብዙ ድግግሞሽ ስላለው ለልምምድ ይመች ነበር፤ አንዳንዱ ፀጉር የሁለት ሰው ሥራ መሆኑ ይለያል።

ይህ የሚነግረን ብዙ ነው። ተማሪ ጠራቢ ሙያውን የሚማረው በተጣለ ድንጋይ ስባሪ ላይ ብቻ ነበር የሚለው ግምት ተሽሯል፤ በንጉሥ የመሥዋዕት ክፍል ግድግዳ ላይ፣ በመምህሩ አጠገብ ቆሞ ይማር ነበር። ፈርዖንን ብቻ ሲተርክ በኖረው የግብጽ ጥናት ውስጥ ስማቸው ያልተጻፈ ሠራተኞች በሥራቸው ተገኙ። በእኔ ግምገማ የደይር ኤል ባሕሪ ምርምር ከሰጣቸው ፍሬዎች የላቀው ይህ ነው።

የፑንት ግድግዳና የእኛ ጥያቄ

በሐትሼፕሱት 9ኛ ዓመተ መንግሥት መርከቦች ወደ ፑንት ተላኩ። ግድግዳው ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙና በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች፣ የአገሩ አለቃ ፓራሁ፣ ሰፊ አካል ያላት ሚስቱ አቲ ይታያሉ። አለቃውና ሚስቱ የተቀረጹበት ድንጋይ ዛሬ በካይሮ ሙዚየም ይገኛል። ግብጻውያኑ ሥራቸው በቅርጫት የተያዘ የዕጣን ዛፎችን በመሸከሚያ ዘንግ እያነሡ ወደ መርከብ ሲያስገቡ፣ ዝንጀሮዎችም በመርከቡ ገመድ ላይ ሲንጠላጠሉ ተሥለዋል። ከመርከቦቹ ሥር ያሉትን ዓሦች በ1967 የመረመሩ ባለሙያዎች አብዛኞቹ የቀይ ባሕር ዝርያዎች መሆናቸውን ለይተዋል። ቀጭኔና አውራሪስ መኖራቸው ደግሞ ወደ አፍሪካው ዳርቻ ያመለክታል።

ከግድግዳው ውጭ ያለው ማስረጃም ተጠናክሯል። ካትሪን ባርድና ሮዶልፎ ፋቶቪች፣ ሁለቱም በአክሱም የቆፈሩ ናቸው፣ ከ2001 ጀምሮ በግብጽ የቀይ ባሕር ዳርቻ በመርሳ ጋዋሲስ ባደረጉት ቁፋሮ ከሐትሼፕሱት ብዙ ዘመን በፊት ለፑንት ጉዞ ያገለገለ ወደብ አገኙ። በዋሻ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የመርከብ ገመድ፣ የመርከብ ሳንቃ፣ የፑንትን ስም የያዘ የጭነት ሳጥን፣ ከደቡባዊው ቀይ ባሕር አካባቢ የመጣ ሸክላና ባልጩት ተገኝቷል። በ2020 ናታኒየል ዶሚኒና ባልደረቦቹ በግብጽ ደርቀው በተገኙ የዝንጀሮ አስከሬኖች ውስጥ ያለውን፣ እንስሳው የኖረበትን አካባቢ የሚጠቁመውን የስትሮንቲየም ንጥረ ነገር መረመሩ፤ ውጤቱ የዛሬዎቹን የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የጅቡቲን አብዛኛውን ክፍል እንዲሁም የሶማሊያንና የየመንን ከፊል የሚያካልል ሰፊ ቀጠና ሆነ። በ2023 ጊሴላ ኮፕና ባልደረቦቿ ከአንድ የዝንጀሮ አስከሬን ያወጡት ዘረመል ከኤርትራና አዋሳኝ አካባቢዎች ዝንጀሮዎች ጋር ተቀራረበ፤ ከአዱሊስ ወደብ ጋርም አያያዙት።

የሚያስደስት ነው፤ ወሰኑን ግን ማወቅ ይገባል። ዘረመሉ የተገኘበት ዝንጀሮ ከሐትሼፕሱት በብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የኖረ ነው። የስትሮንቲየሙ ቀጠና ዛሬ አንድ ባንዲራ የማይሸፍነው ነው። በቤተ መቅደሱ ደጅ የተገኙት የዛፍ ጉቶዎችም ብዙ ጊዜ ከፑንት የመጡ የዕጣን ዛፎች ቅሪት እየተባሉ ቢነገሩም ፐርሲያ የተባለ ሌላ ዛፍ እንደሆኑ ተለይቷል። ፑንት በእኛ ቀጠና ነበረች ማለት በማስረጃ የቆመ አነጋገር ነው። ፑንት የእገሌ አገር ብቻ ናት ማለት ግን ከማስረጃው ፊት መቅደም ነው። የዊንሎክ ትውልድ የሐትሼፕሱትን ስብርባሪ ሲያይ ማየት የፈለገውን አየ፤ እኛም በፑንት ግድግዳ ላይ ያንኑ ስሕተት ልንደግም አይገባም።

ምን ይደረግ?

በጥር 2025 በዛሂ ሐዋስ የሚመራው የግብጽ ቡድን በቤተ መቅደሱ ጎዳና መነሻ፣ ከእርሻው ዳር የነበረውን የሸለቆ ቤተ መቅደስ መሠረትና ከ1000 በላይ ያጌጡ ድንጋዮች ማግኘቱን አስታውቋል። ቀለማቸው ሳይደበዝዝ መውጣቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ዋጋቸው የሚለካው እያንዳንዱ ድንጋይ የወደቀበት ቦታ በትክክል ተመዝግቦ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት በሆነ መጠን ነው። የናቪልና የዊንሎክ ሥራ ያስተማረን ይህንኑ ነው፦ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ዛሬ አናውቀውም፤ የምንችለው መልሱን ሊይዝ የሚችለውን መረጃ አለማጥፋት ብቻ ነው።

በእኛ በኩልም ተግባር አለ። የፑንት ጥያቄ እስካሁን በአመዛኙ የተጠየቀው ከግብጽ ሆኖ፣ በግብጻውያን ሥዕልና ጽሑፍ ነው። የጉዞውን ሌላኛውን ጫፍ የሚያሳየው ግን የዚህ ቀጠና አፈር ነው፦ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በምሥራቅ ሱዳን ቆላማ አካባቢዎች ከልደተ ክርስቶስ በፊት በሁለተኛው ሺህ የነበሩ መንደሮች፣ ሸክላቸው፣ የባልጩት ምንጮቻቸው፣ የዕጣንና የከርቤ ዛፎቻቸው ዘረመል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእነዚህ መስኮች ሰው ቢያሠለጥኑና ከጎረቤቶቻችን ጋር ተባብረው ቢቆፍሩ፣ በደይር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ በእንግዳ ዓይን የተሣሉት የፑንት ሰዎች በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ዕቃ የሚጠኑበት ጊዜ ይመጣል። ያ ሥራ እስኪሠራ ድረስ ስለ ፑንት የምንጽፈው ሁሉ ማስረጃው በሚፈቅደው ልክ የተለካ መሆን ይኖርበታል።